ተራው ያልደረሰው አንደበት

ከግልገል በለስ ወደ ማንኩሽ፣ ከዚያም ወደ ህዳሴ ግድብ የሚዘልቀው መንገድ ማንቡክን አቋርጦ ያልፋል። ማንቡክ በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ሙቀቷ የቆላ፣ አፈሯ ሰሊጥና ማሽላ የሚወድ። በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚመጣው ሰው ሰሊጡን፣ ኦቾሎኒውን፣ ዳጉሳውን ይዞ ሲገባ ከሸቀጡ እኩል የሚበዛው ንግግሩ ነው። አንድ ጆንያ ማሽላ ከሻጭ እጅ ወደ ገዥ እጅ እስኪያልፍ ሦስት ቋንቋ ሊፈራረቅበት ይችላል። በጉሙዝኛ የተጀመረ ሰላምታ በአማርኛ ወደ ዋጋ ይገባል፤ አጠገብ የቆመ ዘመድ በአገውኛ ይመክራል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ሺናሽኛና ኦሮምኛ ይሰማል።

የቋንቋ ሊቃውንት እነዚህን ሲመድቡ አማርኛን ከሴማዊ፣ አገውኛንና ኦሮምኛን ከኩሻዊ፣ ሺናሽኛን ከኦሞአዊ፣ ጉሙዝኛን ከናይሎ ሰሃራ ያስቀምጣሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚከፈሉባቸው አራት ወገኖች ሁሉ እዚህ አንድ ዞን ውስጥ ይገናኛሉ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የመተከል ነዋሪ 276,367 ነበር። ከዚህ ውስጥ ጉሙዝ ከመቶ 37፣ ሺናሻ 22፣ አማራ 17፣ አዊ አገውና ኦሮሞ ደግሞ እያንዳንዳቸው 11 ገደማ ነበሩ። ከግማሽ ያለፈ አንድም ሕዝብ የለም። በመተከል የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ የራሱን ቋንቋ ብቻ እየተናገረ ገበያ ወጥቶ፣ ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ወረዳ ጉዳዩን ጨርሶ ቤቱ መግባት ይከብደዋል።

እንዲህ ባለ አገር መግባባት በራሱ የሚመጣ አይደለም፤ ሰው እጁን አስገብቶ የሚሠራው ሥራ ነው። ለዚህም ነው ገበያተኛው ሳይታወቀው ትልቅ ብልሃት የያዘው። ዋጋ ሲጠራለት ወዲያው አይመልስም፤ የሰማውን ይደግመዋል። «አንዱን ጆንያ ነው? ሁለቱን?» ይላል። በጣቱ ያሳያል። ሻጩ ራሱን ሲነቀንቅ ብቻ ወደ ክርክሩ ይገባል። የሰማሁት እሱ ያለውን ነው ወይ የሚለውን ሳያረጋግጥ መልስ አይሰጥም፤ ከተሳሳተ ገንዘቡ ይሄዳልና።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ ከሪቻርድ ፋርሰን ጋር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። የሌላውን ሐሳብ እሱ «አዎ፣ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ በራስህ ቃል መልስለት፤ ከዚያ የራስህን ተናገር። ዛሬ በየሥልጠናው «ንቁ አድማጭነት» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት ምንጩ ይህ ነው። የማንቡክ ገበያ ሥልጠናውን ያለ መምህር ያውቀዋል። የሚገርመው ግን ይኸው ጥንቁቅ ገበያተኛ ቤቱ ሲገባ ብልሃቱን ከነጆንያው በር ላይ ማስቀመጡ ነው። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ሁሉም አንድ ቋንቋ ስለሆነ ሁሉም የተግባባ ይመስለዋል።

ማታ በብዙ ቤት የሚታየውን እናስብ። መብራት ካለ በአምፖሉ፣ ከሌለም በስልክ ባትሪ ቤቱ በርቷል። እናት ቡና ታፈላለች። አባት መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እህቱ ስኒ ታጥባለች።

«የጎረቤታችን ላም ዛሬም አልተመለሰችም አሉ፤ ሰማህ?» ትላለች ሚስት።

«እህ» ይላል ባል። ዓይኑ ከስልኩ አልተነቀለም።

«ማሽላችን ውስጥ እንዳትገባብን ብዬ ነው።»

«እህ።»

ልጁ አንገቱን ቀና ያደርጋል። «አባዬ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከወንዙ ማዶ…»

«አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ።»

ላሟን ያያት ልጁ ነበር። ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። እናትም ልጅም የየራሳቸውን ይዘው ይተኛሉ።

በዚህች አጭር ምሽት ሁለት ነገር ተበላሽቷል። የመጀመሪያው በባልና ሚስት መካከል ያለው ነው። ሚስት ስለ ላም ስታወራ የፈለገችው የላም ዜና ማድረስ ብቻ አልነበረም፤ ባሏን ወደ ጭንቀቷ እየጠራችው ነበር። በሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ባለትዳሮችን ያጠናው ጆን ጎትማን እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ጥሪዎች ይቆጥር ነበር። አዲስ ተጋቢዎችን ሲያወሩ ተመልክቶ ከስድስት ዓመት በኋላ መልሶ ሲያገኛቸው፣ በትዳራቸው የጸኑት ያኔ ከመቶው 86 ለሚሆነው ጥሪ ፊታቸውን አዙረው መልስ የሰጡ ሆነው ተገኙ። የተፋቱት ምላሽ የሰጡት ለ33ቱ ብቻ ነበር። ጥሪዎቹ ደግሞ ትልልቅ ጉዳዮች አልነበሩም፤ «እስቲ ያችን ወፍ እያት» የሚሉ ዓይነት ነበሩ። በእኛ አገር ትዳር ሲታወክ ሽማግሌ የሚጠራው ለጭቅጭቁ ነው፤ ከጭቅጭቁ በፊት መልስ ያጣውን ጥሪ ግን ማንም አይጠይቅም። እንደ እኔ እምነት ሽማግሌዎቻችን ይህን ጥያቄ ቢጨምሩበት ብዙ ቤት ይድናል።

ሁለተኛው የተበላሸው ነገር የልጁ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይቀድምም የሚለውን ሥርዓት የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። ሥርዓቱ ትዕግሥትን ያስተምራል፤ ሰው የሚናገረውን ከመናገሩ በፊት እንዲመዝን ያደርጋል። ነገር ግን ሥርዓቱ ሙሉ የሚሆነው «አሁን ዝም በል» ከሚለው ጋር «አሁን ተናገር» የሚለውም ሲኖር ነው። በብዙ ቤት የቀረው ግማሹ ነው። «ዝም በል» አለ፤ «እስቲ አንተስ ምን ትላለህ?» ግን ጠፍቷል። ለሴት ልጅማ ይብሳል፤ ስኒ እያቀረበች የቤቱን ምስጢር ሁሉ ትሰማለች፣ አንድም ቀን ግን ሐሳቧን አትጠየቅም።

ይህ ልጅ ከቤት ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ግን ማንም ዝም በል አይለውም። ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተራ የሚባል ነገር የለም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ የሚናገርበት መድረክ ያገኘው እዚያ ነው። መናገር ግን አልተማረም። ሐሳቡን ሲያቀርብ አቋርጠውት ሳይሆን ጨርሶ፣ ከዚያ ተጠይቆ፣ ተሳስቶ ታርሞ አያውቅም። እናም በሠላሳ ሰከንድ የሚጽፈው ኮሜንት ዓመታት የታመቀ ነገር ሁሉ ይወጣበታል። በኢንተርኔት ላይ ስለሚታየው ስድብ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንከሰው ስልኩን ነው። ስልኩ የራሱ ጥፋት አለበት፤ እደርስበታለሁ። ነገር ግን ቤት ውስጥ የመናገር ተራ ያላገኘ ሰው ስልክ ላይ ተራ መጠበቅን ከየት ይማረው?

በማንቡክ በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር ይጨመራል። በቤቱ ጉሙዝኛ የሚናገር ልጅ ከገበያም ከትምህርት ቤትም አማርኛ ይለምዳል፤ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ ለለመደው ሰው እንኳ ብዙ ወጥመድ አለው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ እያሉ በሰው ዕድሜና ማዕረግ መመዘን፣ ግሱን ከዚያ ጋር ማስማማት፣ ትእዛዝን በልመና ማለዘብ ለዓመታት የሚለመድ ነገር ነው። ገና በመልመድ ላይ ያለ ሰው ለሽማግሌ «ና» ሊል ይችላል። ፊት ለፊት ከሆነ ፈገግታው፣ ጎንበስ ማለቱ፣ ሁለት እጁን መዘርጋቱ ንቀት እንዳልሆነ ይናገርለታል። ጽሑፍ ላይ ግን «ና» የሚለው ብቻውን ይደርሳል። አንባቢው ላኪው የየትኛው ወገን ሰው እንደሆነ ከስሙ አውቆ ከሆነ ደግሞ፣ በአንድ ግስ ላይ የአንድ ሕዝብን ጠባይ ይፈርድበታል። ዳንጉር ውስጥ ይህ ተራ ቅሬታ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜ አለ።

ጽሑፍ ድምፅን እንደሚያጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን ያህል እንደሚያጣ ግን አናውቅም። ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች ለሌላ ሰው በኢሜይል የቁም ነገርና የምፀት ዓረፍተ ነገሮች እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ ተቀባዩ ከመቶው 78ቱን በትክክል ይለየዋል ብለው ገመቱ። የተለየው 56 ብቻ ሆነ፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። ላኪው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ በጆሮው ይሰማል፤ ተቀባዩም የሚሰማው ይመስለዋል።

ከባሕር ዳር ወይም ከአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ልጁ «እሺ» ብላ የጻፈችለት አባት የሚያድርበትን ሐሳብ ብዙ ወላጅ ያውቀዋል። ተቆጥታ ነው? ታማ ነው? ገንዘብ አጥታ ነው? እሷ ግን ታክሲ ውስጥ ቆማ ነበር የጻፈችው። ሠርቶ የሚበላው ወላጅ በዚህ ረገድ ከተማረው ልጁ ይልቅ አዋቂ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ መጻፍ ስለሚከብደው በቴሌግራም ወይም በኢሞ ድምፅ ቀድቶ ይልካል። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሳሉም፣ ትንፋሹም፣ ከኋላ የሚጮኸው ዶሮም አለ። «አይዞሽ ልጄ» ሲል ማዘኑ ይሰማል። ከባድ ጉዳይ በጽሑፍ አትላኩ፣ በድምፅ ላኩ ወይም ደውሉ የሚለው ምክር ለእኛ አገር የትም ቦታ ከሚሰጠው በላይ ይሠራል። አማርኛ ነገርን በቀጥታ ከማለት ይልቅ ሸፈን አድርጎ ማለትን የሚያከብር ቋንቋ ነው። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ቆይቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህንን የአማራ ባህል መለያ አድርጎ ጽፎታል። ሸፈን ያለ ንግግር የሚፈታው በድምፁ፣ በፊቱ፣ በቦታው ነው። እነዚህ ሲቀሩ ቅኔው እንቆቅልሽ ይሆናል፤ ሲከፋም ስድብ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። መተከል በ2012 መጨረሻና በ2013 ዓ.ም. ብዙ ደም የፈሰሰበት ዞን ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ማለዳ ከመቶ በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከቀያቸው ተነቅለው፣ ብዙዎቹ ወደ አዊ ዞን ተሻግረው በቻግኒ ራንች መጠለያ ከረሙ። የዚህ ሁሉ መንስኤ ስልክ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል፤ የመሬት ጥያቄ አለ፣ የፖለቲካ ውክልና ጥያቄ አለ፣ የታጠቁ ኃይሎች አሉ፣ የቆየ ቂም አለ። ነገር ግን ወሬው የተጓዘበት መንገድ ተቀይሯል። በድሮ ጊዜ ጫካ ውስጥ የደረሰ ጥፋት ማንቡክ እስኪደርስ ሰው በእግሩ ይመጣ ነበር። የመጣው ሰው ይታወቃል፣ ይጠየቃል፣ ደክሞ ውሃ ይሰጠዋል። አሁን ግን ምስሉ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ መቼ፣ የትና በማን እንደሆነ ሳይናገር።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በሕይወት ያለ ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አጣርቶ ድርጊቱ የተፈጸመው በዚሁ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ አይሲድ ቀበሌ መሆኑን አስታወቀ። ጉባ ከዳንጉር ቀጥላ ያለች ወረዳ ናት። ያ ምስል መታየት ነበረበት ወይ? ወንጀሉ እንዳይደበቅ ያደረገው እሱ ነው፤ ያንን አልክድም። ነገር ግን በየስልኩ ሲተላለፍ ከሥሩ ይጻፍ የነበረው ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ቀጥሎ ማን መሞት እንዳለበት ነበር። ይህን ያነበበ የማንቡክ ልጅ በማግሥቱ ከነማን ጋር አንድ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ማሰብ ይበቃል።

ስልኩም የራሱ ጥፋት አለበት ብዬ ነበር። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ፣ ኩባንያው ሰው ብዙ የሚነካካውንና የሚከራከርበትን ነገር አስቀድሞ የሚያሳይበት አሠራር እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ መሆኑን መሰከረች። አሠራሩ ለመረዳት አይከብድም። ሰው የሚያረጋጋ ነገር ሲያነብ ያልፋል፤ የሚያስቆጣ ነገር ሲያነብ ይመልሳል። መልስ የበዛበት ነገር ደግሞ ለብዙ ሰው ይታያል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥናት ትዊተር ላይ ሐሰተኛ ዜና ከእውነተኛው ይልቅ መልሶ የመጋራት ዕድሉ በ70 ከመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ሐሰቱን በዋናነት ያሰራጩትም ማሽኖች ሳይሆኑ ሰዎች ነበሩ።

የሃውገን ምስክርነት ከተሰማ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና የሚኖሩበትን ቦታ የሚገልጹ ክሶች ፌስቡክ ላይ ተለጥፈው ነበር። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ልጥፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ማመልከቱን ገልጾ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ሜታ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ይዘት የሚቆጣጠርባቸው ቋንቋዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማሊኛ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ ወይም በአገውኛ የተጻፈ የግድያ ጥሪ ማን ያነበው ነበር? አንባቢው የመንደሩ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ራሱ ተቆጣጣሪ መሆን አለበት።

የሚያጽናናው፣ የዚህ አገር ሰው ቃልን የመቆጣጠር ልማድ ከጥንትም ያለው መሆኑ ነው። ጉሙዞች ደም የፈሰሰበትን ጠብ ሳይቀር የሚያበርዱበት ማንገማ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ሺናሻዎች ነሞ የሚሉት የሽምግልና ሥርዓት አላቸው፤ በደረጃ የተዋቀረ በመሆኑ በታችኛው ያልረካ ሰው ወደ ላይኛው ይግባኝ ይላል። ጉሙዝና ኦሮሞ ሚቹ፣ ጉሙዝና አማራ ወይም አገው ወዳጅ እየተባባሉ ቤተሰብን ከቤተሰብ የሚያስሩባቸው ቃል ኪዳኖችም አሉ። የሥነ ሰብዕ ተመራማሪው ዶክተር ወልደሥላሴ አቡቴ በ2004 እ.ኤ.አ. ስለ ጉሙዞችና በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በጣና በለስ ስለሰፈሩት ደገኞች ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ግንኙነቶች በሰፊው መርምረዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ከተፈራረመ በኋላም ከፖለቲካው በታች ያለውን ኑሮ የመጠገኑ ሥራ የወደቀው በእነዚሁ ሽማግሌዎች ላይ ነው። የሽምግልና ስሙ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ያው ነው፦ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ ሽማግሌው የሰማውን ለሌላው ወገን መልሶ ይናገራል፤ የቁጣ ቃል ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ አለዝቦ ያሻግረዋል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለው ተረት እዚህ ጋ ሐሰት ይሆናል፤ ከአፍ የወጣው መሃል ላይ የሚይዘው ሰው አለና።

ወደ አፋር ብንሻገር ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ገበያ። ዳጉ ሐሜት አይደለም። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ወሬ አዛብቶ ያቀበለ ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ይዋረዳል፣ ይቀጣልም። በቅብብሎሽ የተመሠረተ፣ ፈጣን፣ ነገር ግን እያንዳንዱ አቀባይ ተጠያቂ የሆነበት መረብ ነው። ፌስቡክ «ሼር» የሚለውን ቁልፍ ሲሠራ ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው፤ ፍጥነቱን ወስዶ «ከማን ሰማህ?» የሚለውን ተወው።

በዚሁ በመተከልም የሚጠቀስ ታሪክ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ሲጓዙ፣ ጣሊያንን ለማስወጣት የተከፈተው የጎጃም ዘመቻ ከጠመንጃ ሌላ ቃልንም ይጠቀም ነበር። ካርቱም የታተመው «ባንዲራችን» ጋዜጣና ከአውሮፕላን የሚጣሉት በራሪ ወረቀቶች ለአርበኛውም ለጠላት ወታደርም ይደርሱ ነበር። በበራሪ ወረቀቶቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነበረ። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ማኅተሙን አይቶ ቃሉ የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዛሬ ግሩፕ ውስጥ ተላልፎ የሚመጣ ቪዲዮ ማኅተም የለውም። የላከልን አጎታችን ነው፤ ለአጎታችን የላከለትን ግን አናውቅም። አጎታችንን ስለምናምን ቪዲዮውን እናምነዋለን። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት በሰው ወይም በቡድን ላይ ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰት የሚያሰራጭም ቅጣቱ ይከብድበታል። ሕጉ የሚደርሰው ግን ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ የሚሞላው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በትንሽ ነገር ይጀምራል።

ፍጥነትን መቀነስ እንደሚሠራ የታየ ነገር ነው። ዋትስአፕ በሕንድ በሐሰተኛ ወሬ ምክንያት ሰዎች በደቦ መገደላቸውን ተከትሎ በ2018 እ.ኤ.አ. በዚያ አገር አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ ቦታ እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ገደቡን ወደ ዓለም ሁሉ አሰፋው። በ2020 ደግሞ ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ለአንድ ቦታ ብቻ እንዲሄድ ሲያደርግ የእንዲህ ያለ መልእክት ዝውውር በ70 ከመቶ መቀነሱን አስታወቀ። ማንም አልታሰረም፣ ማንም ከመናገር አልታገደም። ጣት ጥቂት እንድትዘገይ ብቻ ተደረገ።

በእኛ አገር ብዙ የሰፈር፣ የዕድር፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የትምህርት ቤት ግሩፕ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ቴሌግራም አባሉ አንድ መልእክት ከላከ በኋላ ሁለተኛውን ለመላክ እንዲጠብቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ አለው፤ አስተዳዳሪው መዘግየቱን እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ማድረግ ይችላል። የግሩፑን ማስተካከያ ከፍቶ ፈቃዶች የሚለው ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ መንካት ነው። ይህ የሽማግሌዎቹ ሥርዓት ነው፤ አንተ ተናገርህ፣ አሁን ስማ። ጠብ ያለበት ሳምንት ሲመጣ የማንቡክ የግሩፕ አስተዳዳሪዎች ይህንን ቢጠቀሙ፣ ላኪውንም «አንተ አይተኸዋል ወይስ ሰምተኸው ነው? ከማን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ለዚህ ምንም ዓይነት ፕሮጀክትና በጀት አያስፈልግም። አስተዳዳሪው አንድ ሰው ባይሆን ደግሞ ይመረጣል። አንድ የአገር ሽማግሌ፣ አንድ ወጣትና አንዲት ሴት አብረው ቢይዙት፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚያነብም ከመሃላቸው ቢኖር፣ በጉሙዝኛ የገባውን ስድብ አማርኛ ተናጋሪው ሳያውቀው አይቀርም፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ቤቱን ደግሞ ከግሩፑ ቀድሞ ማስተካከል ይቻላል፤ ማስተካከያውም ያለው ምድጃው ዳር ነው። ቡና ሦስት ጊዜ ይጠጣል፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉ እንደ ልማዱ ለትልልቆቹ ይሁን። ቶናው ግን የልጆቹ ተራ ቢሆን፣ በዚያች ስኒ ጊዜ ስልኩ ከአባትም ከልጅም እጅ ወርዶ አንድ ቦታ ቢቀመጥና የሚጠየቁት ልጆቹ ቢሆኑ፣ አያት ያስተማሩት ሥርዓት አይፈርስም፤ የጎደለው ግማሽ ይሞላል። ስኒ የምታቀርበዋም ልጅ በዚያች ሰዓት ትቀመጥ፤ ወንድሟ ይቅዳ። ልጁ የሰማውን ወሬ ሲናገር የተሳሳተ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ምናልባትም ማታ ቲክቶክ ላይ ያየውንና ጎረቤቱን የሚያስጠላውን ነገር ይናገር ይሆናል። ያኔ አባት መሃል ላይ አይቁረጠው። ይጨርስ። ከዚያ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል ይድገምለት፣ ልክ ገበያ ላይ ለሰሊጥ ነጋዴው እንደሚያደርገው፣ «እንዲህ ነው ያልከው?» ይበለው። ልጁ «አዎ» ሲል ብቻ «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ ይቀጥል።